የምክር ዓምድ፦ ዓሣ የሚጠመድበትም ቤተሰብ የሚንሸራሸርበትም ጀልባ

ውድ አንባቢያችን፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ፍሬ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። በኮምቦልቻ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ አለዎት፤ የ14፣ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆች አባት ነዎት፤ እናትዎም አብረዋችሁ ይኖራሉ። በእረፍት ቀናት ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ሎጎ ሐይቅ እየሄዱ በጀልባ መንሸራሸርና በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ይፈልጋሉ። ዱባይ የሚኖሩት ታናሽ ወንድምዎ ርዝመቱ 24 ጫማ የሆነ፣ መኝታ ክፍልና መጸዳጃ ያለው፣ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያገለገለ ጀልባ አግኝተው በጅቡቲ በኩል ሊልኩልዎ ፈቅደዋል። እርስዎ ግን ያንን ከመቀበልና በራስዎ ወርክሾፕ ትንሽ ጀልባ ከመሥራት የትኛው እንደሚሻል፣ ለዓሣ ማጥመጃውም ምን ምን መግጠም እንደሚያስፈልግ ጠይቀዋል። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይም ባለቤትዎ «እኔ ዋና አልችልም፤ ልጆቼንም አላሳፍርም» ማለታቸውን እንደ ዋዛ ጠቅሰው አልፈዋል።

እኔ የምነሣው ከባለቤትዎ ነው። የእሳቸውን ሐሳብ በማባበል የሚያልፍ ፍርሃት አድርገው አይዩት። ለቤተሰብ የሚሆን ጀልባ የሚመረጠው ከተሳፋሪዎቹ መካከል ዋና ለማይችለውና አብዝቶ ለሚሠጋው ሰው ታስቦ ነው፤ የዓሣ ማጥመጃው ዕቃ የሚገጠመውም ያ ሰው ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ በሚተርፈው ቦታ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ጀልባው በዘንግ፣ በሣጥንና በመንጠቆ ተሞልቶ እናትና ልጆች መቀመጫ የሚለምኑበት ይሆናል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አባወራው ብቻውን የሚወጣበት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ፣ ስለ ሞተሩም ሆነ ስለ መልሕቁ፣ በባለቤትዎ ጥያቄ የሚመዘን መሆኑን አስቀድመው ይወቁልኝ።

ጀልባው የሚንሳፈፍበትን ውኃ በቅድሚያ እንመልከት። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ ከሰባት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ውኃ ነው። ጥልቀቱ ግን በስፋቱ የሚገመት አይደለም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እየሰፋ ጥልቀቱ አሥራ አምስት ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ ሲሆን፣ ትንሹ ሎጎ ሐይቅ በጥልቁ ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ውኃው በገጸ ምድር ወጥቶ የሚሄድበት ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንካርቃ ወንዝ በኩል የሚመጣውንና ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደውን ይቀበላል እንጂ አሳልፎ አይሰጥም። እነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የውኃው ማነስ፣ የጥልቀቱ መብዛትና መውጫ ማጣቱ፣ ስለ ወንድምዎ ጀልባ ያለኝን አስተያየት ከሞላ ጎደል ወስነውታል።

ባለ መኝታ ክፍል ጀልባ የተፈለሰፈው ሰው በባሕር ላይ ውሎ ለሚያድርበት፣ ከወደብ ወደ ወደብ ሰዓታት ለሚጓዝበት ውኃ ነው። በሎጎ ሐይቅ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ስለሚደርስ መኝታ ክፍሉ ማንንም አያስተኛም። ይልቁንም ከውኃው በላይ ብዙ ከፍ የሚለው ግድግዳ ነፋስ እየሰበሰበ፣ በተለይ ዓሣ ለማጥመድ በዝግታ ሲሄዱ ወይም ሲቆሙ፣ ጀልባውን ካሰቡበት ቦታ ይገፋዋል። ልጆች በዝግ ክፍል ውስጥ እያሉ ሞተር ማስነሣት ደግሞ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ እንዲከማችባቸው ሊያደርግ ይችላል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ሥር ይተኛል፤ ታንኩ በዝግ ስፍራ የተቀመጠ ጀልባ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በሚገባ መናፈስ የሚኖርበትም ለዚህ ነው። መጸዳጃውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የሚለቀቅ ነገር እዚያው ይቀራል፤ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብም ከዚያው ውኃ ጋር የዕለት ተዕለት ጉዳይ አለው።

የማጓጓዙ ጣጣም አለ። የዚህ ዓይነት ጀልባ የጎን ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 2.5 ሜትር ሲሆን የመደበኛ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋት ግን 2.35 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጀልባው በኮንቴይነር ሳይሆን በክፍት ጭነት፣ በተለየ ዋጋ መምጣት ይኖርበታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢደርስ እንኳ ከዚያ በሎጎ ዳር ወዳለችው ሐይቅ ከተማ ለመሄድ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ እንደገና መውረድ አለ። ጀልባው ከነሞተሩ፣ ከነነዳጁና ከነተጎታቹ ሦስት ቶን ሊጠጋ ይችላል። ይህንን በቤት ፒክአፕ ጎትቶ ሐረጎን መውረድ፣ ያውም ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ በጀልባ ሳይሳፈሩ የሚደርስ አደጋን መጋበዝ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በመካከለኛ ፍጥነት እንኳ በሰዓት ከ25 ሊትር ያላነሰ ቤንዚን እንደሚጠጣም ያስቡ። በባሕር ላይ ያገለገለ ሞተር የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ በጨው የተበሉ መሆን አለመሆናቸውን፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ውስጡ እንጨት ከሆነ የበሰበሰ መሆን አለመሆኑን ከሩቅ ሆኖ በፎቶግራፍ ማወቅም አይቻልም። ባጭሩ፣ የወንድምዎን ጀልባ አይቀበሉ። ቅር እንዳይላቸው ምን ማለት እንደሚቻል ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ታዲያ ምን ዓይነት ጀልባ ይሁን? ርዝመቱ አምስት ሜትር ገደማ፣ የጎን ስፋቱ ከ1.9 ሜትር የማያንስ፣ ላዩ ክፍት የሆነ፣ ሆዱ ከፊት ለፊት ሹል ሆኖ ወደ ኋላ እየጠፈጠፈ የሚሄድ ጀልባ ይፈልጉ። የፊቱ ሹልነት ሞገዱን ለመሰንጠቅ ይረዳል፤ የኋላው ጠፍጣፋነት ደግሞ አንድ ልጅ ዓሣ ለማየት ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ ጀልባው በድንገት እንዳይዘነበል ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ ሹል ሆድ ያለው ጀልባ በማዕበል ላይ ምቾት ቢሰጥም ቆሞ ሳለ ይወዛወዛል፤ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ጀልባው ሙሉ ጭነት ከያዘ በኋላ ከውኃው ወለል በላይ የሚቀረው የጎኑ ከፍታ ከ40 ሴንቲ ሜትር ባያንስ እመርጣለሁ። ከውስጥ ሲለካ ደግሞ የጎኑ ግድግዳ የስድስት ዓመቱን ልጅ ደረት ቢደርስ መልካም ነው፤ ጉልበቱ ላይ የሚቀር ግድግዳ ልጁን ያደናቅፈዋል እንጂ አይዘውም።

የሚይዘውን ሰው ቁጥር በዓይን ግምት አይወስኑ። ከስድስት ሜትር ለሚያንሱ ባለ አንድ አካል ጀልባዎች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ርዝመቱንና ስፋቱን በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል ነው፤ በሜትር ሲሰላ ርዝመትና ስፋቱ ተባዝቶ የተገኘው እንደገና በ0.7 ይባዛል። አምስት ሜትር በ1.9 ሜትር የሆነ ጀልባ በዚህ ስሌት ስድስት ሰው ይይዛል፤ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሦስቱ ልጆችና እናትዎ ልክ ስድስት ናችሁ። ነገር ግን ይህ ቁጥር ጸጥ ባለ አየር ላይ የሚሠራ ጣሪያ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ፣ ባትሪና የምሳ ዕቃ ሲጫን ቢያንስ አንድ ሰው መቀነስ ይገባል። ስለዚህ ሁላችሁም በምትሳፈሩበት ቀን ዘንግና ሣጥኑን በዳር ትታችሁ ለሽርሽር ብቻ ውጡ፤ ዓሣ ለማጥመድ ስትወጡ ደግሞ ከአራት ሰው አትብለጡ።

በራስዎ ወርክሾፕ መሥራት ይቻላል ወይ ላሉት፣ ይቻላል፤ ሆኖም በር ከመሥራት የሚለይበትን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የብረት ጀልባ ውኃ ከሞላበት ይሰምጣል። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ ሥርና ከጎንና ጎኑ ውስጥ ውኃ የማይመጥ ፎም መታሸግ አለበት። አንድ ሊትር ፎም አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችል ክብደት ያነሣል፤ ጀልባው 250 ኪሎ ግራም ብረት ከሆነ ሞተሩን፣ ባትሪውንና በጎኑ የሚንጠለጠሉትን ሰዎች ጨምሮ ለመደገፍ ወደ 350 ሊትር ፎም ያስፈልጋል። ፎሙ በወለሉ ሥር ብቻ ከተቀበረ ውኃ የሞላበትን ጀልባ ሊገለብጠው ስለሚችል አብዛኛው በጎኖቹ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ለማሸጊያ የሚውለው ነጭ ፎም ቤንዚን ሲነካው ስለሚሟሟ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የፍራሽ ስፖንጅም ውኃ ስለሚጠጣ ከናካቴው አይታሰብ። ብየዳው ሲያልቅ በውስጡ ውኃ ሞልተው፣ በመቀጠልም በውጭ በኩል ነጭ ጋዝ ቀብተው ከውስጥ እየተመለከቱ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ። አሉሚኒየም ካገኙ ክብደቱ ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ዝገትም አያስጨንቅዎትም፤ ብየዳው ግን የአርጎን ጋዝና በዚያ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ አሞራ ገደል ድረስ ሄደው የዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባዎች ሜትር ይዘው ቢለኩ፣ የት ላይ እንደሚሰበሩና እንዴት እንደሚጠገኑ ባለቤቶቹን ቢጠይቁ፣ የጉዞው ወጪ የሚያስቆጭ አይሆንም።

ስለ ሞተሩ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚለካው በባሕር ወለል ላይ ባለው አየር ነው። በ1,900 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ የሞተሩም ጉልበት አብሮት ይወርዳል። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሎጎ ሐይቅ ላይ የሚሰጠው ወደ 12 ገደማ ነው። አምስት ሜትር የሆነ ጀልባ ውኃውን እየገፋ፣ ወደ ላይ ተነሥቶ ሳይንሸራተትና ሳይዘል የሚሄድበት ተፈጥሯዊ ፍጥነት በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ ጉልበት ለቤተሰብ ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ፍጥነት መሻት ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ሳይሆን ባለቤትዎን ማስፈራትም ነው። ሞተሩ ካርቡራተር ያለው ከሆነ ባለሙያ ለከፍታው የሚስማማ ጂግለር (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) እንዲያስገባለት፣ ፕሮፔለሩም ከፋብሪካው ከመጣው አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት) እንዲኖረው ያድርጉ፤ ያለዚያ ሞተሩ በሙሉ ጋዝ ላይ እንኳ ተገቢውን ዙር ሳይደርስ እየታፈነ ይሠራል። ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚያስገባ ሞተር የአየርና የነዳጁን ድብልቅ በራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም።

ባለ ሁለት ምት አሮጌ ሞተር በርካሽ ቢያገኙም ይለፉት። የዚህ ዓይነት ካርቡራተር ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚንና ዘይት እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ወደ ውኃው ይተፋል፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው ብለናል። ባለ አራት ምት ሞተር ይግዙ። ሲገዙም የሞተሩን እግር ርዝመት ሳይጠይቁ ሒሳብ አይክፈሉ፤ አጭሩ እግር 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላለው የጀልባ የኋላ ግድግዳ የተሠሩ ናቸው። አጭር እግር በረጅም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ፕሮፔለሩ አየር ይመታል፤ ረጅም እግር በአጭር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ጥልቀት በሌለው ዳር ጭቃ ያርሳል። ጀልባውን ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ሞተሩን አስቀድመው ይግዙና ግድግዳውን በእሱ ልክ ይቁረጡ። ቤንዚን በጄሪካን ለመቅዳት ማደያው የሚጠይቀውን ፈቃድም ለጉዞው ጠዋት ሳያቆዩ ይጨርሱ።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢጨመር ለዓሣ ማጥመዱ ትልቅ ጥቅም አለው። በ12 ቮልት የሚሠራና 25 ኪሎ ግራም ያህል የመግፋት ኃይል ያለው ሞተር ድምፁ ዓሣ አያስበረግግም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቤት ውስጥ ይሞላል። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 50 አምፔር ስለሚስብ አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ሁለት ሰዓት አይሞላውም፤ በዝግታ ሲነዳ ግን ግማሽ ቀን ያውላል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ እያለ እስከ ታች እንዲወርድ ስላልተሠራ ቶሎ ይሞታል። ሆኖም ይህ ረዳት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ስድስት ሰው የጫነ ጀልባን ወደ ዳር እንዲመልስልዎ እሱን ብቻ አይመኑ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። የጀልባውን ወለል በሐሳብዎ ለሁለት ይክፈሉት። ከመሐል እስከ ፊት ያለው የቤተሰቡ ነው፤ መደገፊያ ያለው አግዳሚ መቀመጫ፣ የእጅ መያዣ ብረትና የሚታጠፍ የጸሐይ መከላከያ ሸራ ይኑረው። ሸራው ነፋስ ሲበረታ በአንድ ሰው እጅ በፍጥነት የሚታጠፍ ካልሆነ አይትከሉት። ከመሐል ወደ ኋላ ያለው ዓሣ የሚጠመድበት ነው። መንጠቆ ወደ ኋላ ተወንጭፎ ስለሚጣል፣ የሚወረውረው ሰው ጀርባው ለልጆች እንዳይሆን ሁልጊዜ ከኋላ ጫፍ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ይቁም። ዘንግ ማቆሚያዎቹን በጎንና በጎን ሁለት ሁለት አድርገው ይበይዱ፤ ወደ ውጭ ዘንበል ይበሉ፤ ጫፋቸው ግን የሚያልፍን ሰው ልብስ እንዳይዝ በጎማ ይሸፈን። ወለሉን በማያንሸራትት ምንጣፍ ወይም አሸዋ በተቀላቀለበት ቀለም ይሸፍኑት፤ የዓሣ ልጋግ የነካው ለስላሳ ብረት ላይ እናትዎ እንዲራመዱ አይገደዱ። ለመንጠቆዎች ክዳኑ የሚቆለፍ አንድ ሣጥን፣ ለዓሣው በረዶ የሚይዝ ሌላ ሣጥን ይበቃል። በፎቶግራፍ የሚያዩት በሕይወት ያለ ዓሣ ማቆያ ገንዳ ከመቶ ኪሎ ግራም የማያንስ ውኃ የሚጭን ስለሆነ ለእናንተ ጀልባ ሸክም እንጂ ጌጥ አይሆንም።

መልሕቁ የሎጎ ሐይቅ ልዩ ጉዳይ ነው። መልሕቅ መሬት የሚይዘው ገመዱ ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ሲለቀቅ ነው። በስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ 40 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ በ40 ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይጠይቃል፤ ያን ያህል ገመድ በቤተሰብ ጀልባ መያዝ የማይመስል ነገር ነው። ስለዚህ መልሕቅ የሚጥሉት በዳርቻው ብቻ ነው። ባለ ጥፍር መልሕቅ፣ ሁለት ሜትር ሰንሰለትና 60 ሜትር ገመድ ይያዙ፤ ገመዱን ምን ጊዜም ከፊት ጫፍ ይሰሩት። ከኋላ የታሰረ መልሕቅ ሞተሩ የተሰቀለበትን ዝቅተኛ ጫፍ ወደ ማዕበሉ ያዞረዋል፤ ብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ውኃ የሞላባቸው በዚህ መንገድ ነው። ጥልቀት መለኪያ፣ በተለምዶ ዓሣ ፈላጊ የሚባለውን መሣሪያ የምመክረውም በዋናነት ለዚሁ ነው፤ ዓሣ ባያሳይዎት እንኳ ዳርቻው በድንገት የሚቆረጥበትን ቦታ ያሳይዎታል።

የባለቤትዎን ፍርሃት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚመልሰው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ዋና የማይችል ሰው የሚለብሰው ቢያንስ 100 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል ያለውንና ፊትን ወደ ላይ አዙሮ የሚይዘውን ነው፤ 50 ኒውተን የተጻፈበት ለዋናተኛ የተሠራ ደጋፊ ነው እንጂ ለእሳቸው አይሆንም። የልጆቹ በዕድሜ ሳይሆን በክብደታቸው ይመረጣል፤ የትንሹ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለው ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ይወልቃል። ጃኬቱ ገና በዳር ሳላችሁ ይለበስ፤ መቀመጫ ሥር የተጠቀጠቀ ጃኬት ጀልባ ሲገለበጥ ፈልጎ የሚያወጣው የለም። እርስዎም ይልበሱ፤ አባት ያልለበሰውን የ14 ዓመት ልጅ አይለብሰውም። ሞተሩን የሚያጠፋው ቀይ ገመድ ከነጂው ጃኬት ጋር ይታሰር። ሁለት መቅዘፊያ፣ ውኃ መጭለፊያ ባልዲ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ፊሽካ፣ ውኃ የማይገባው የእጅ ባትሪና ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚወጣበት መሰላል ሳይዙ ከዳር አይራቁ። መሰላሉን አደራ እላለሁ፤ ልብሱ የራሰ አዋቂ ሰውን በእጅ ስቦ ወደ ጀልባ ማስገባት ብርቱ ሰውንም ያቅታል። መጀመሪያ ባለቤትዎ ጃኬቱን ለብሰው ደረታቸው በሚደርስ ውኃ ውስጥ እግራቸውን አንሥተው ይንሳፈፉ። በጀልባው ለመሳፈር የሚወስኑት ከዚያ በኋላ ይሁን።

በሐይቆቻችን ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ማልዳችሁ ወጥታችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ብትመለሱ ይመረጣል፤ በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ዓሣው እየበላም ቢሆን ወደ ዳር ይመለሱ።

ዓሣው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። በሎጎ ሐይቅ በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ነው፤ እሱም በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባ እንጂ የሐይቁ ጥንታዊ ነዋሪ አልነበረም። ቆሮሶ በዳርቻው ቄጠማ አጠገብ ስለሚውል ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ትል ወይም የዱቄት ሊጥ ይበቃዋል። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ስለምትይዝ፣ ስትያዝ ከአፏ የሚፈስ ነገር ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ውኃው ይልቀቋት። አምባዛ ከወለሉ ላይ፣ በተለይም ሲመሻሽ ይያዛል፤ ጠንካራ ክርና ተለቅ ያለ መንጠቆ ይሻል። የጎን ክንፎቹ እሾህ ስላላቸው ልጆች እንዳይነኩት፤ አየር ስለሚተነፍስም ከውኃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ይንፈራገጣል። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ቤተሰቦች ስላሉ ለጎረቤት ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ። ቆሮሶውን ግን ያለ ሥጋት ይላኩ፤ እስላምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት በእኛ ወሎ፣ ዓሣ አራጁ ማን ነው ተብሎ የማይጠየቅበት ምግብ ነውና። የልጆቹን መንጠቆ ጉጥ (ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ ሹል) በፒንሳ ተጭነው ይደፍጥጡት፤ ጣት ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል።

መረብ ለመጣል ግን አይከጅሉ፤ ዓሣ ማስገር በሕግ የሚመራ ሥራ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል፤ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው። በመንጠቆ ለመዝናኛ ማጥመድን በተመለከተ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርበው ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ፤ የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ሰዎችም በዚያው ይተዋወቁ። ጀልባው በየሳምንቱ ሐረጎን ከሚወጣና ከሚወርድ በእነሱ ጥበቃ በዳር ቢያድር ይሻላል፤ መረባቸው የት እንደተዘረጋም ስለሚነግሩዎ ፕሮፔለርዎ ከመረባቸው ጋር አይጣላም። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሴቶች የማይፈቀድ ስለሆነ ቤተሰብ ይዘው ወደ ገዳሙ ዳር አይጠጉ፤ በአቅራቢያው ሲያልፉም ሞተሩን ያለዝቡ። ያገለገለ ጀልባ ከባሕር ዳር ቢገዙ ደግሞ ጣና በእምቦጭ የተወረረ መሆኑን አይርሱ። ጀልባውን፣ ተጎታቹንና የመልሕቁን ገመድ አጥበው፣ ቅጠልና ሥር ካለበት ለቅመው፣ ለቀናት በጸሐይ ሳያደርቁ ሎጎ ሐይቅ ውስጥ አያስገቡ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ «አልፈልግም» ብቻ ብለው አይጻፉላቸው። ባለ 24 ጫማው ጀልባ ለዚህ ውኃ እንደማይሆን ከላይ በጠቀስኩት የጥልቀት፣ የስፋትና የሐረጎ ምክንያት ያስረዷቸውና በምትኩ እዚህ እንደልብ የማይገኘውን ይጠይቋቸው፦ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ አራት ምት ሞተር ከመለዋወጫ ፕሮፔለሩ ጋር፣ የኤሌክትሪኩን ሞተር፣ ጥልቀት መለኪያውንና ስድስት የሕይወት አድን ጃኬቶችን። ጀልባዎች በጉምሩክ ታሪፍ በምዕራፍ 89 ሥር ሲመደቡ ሞተርና ጃኬት ለየብቻቸው በሌላ ምዕራፍ ስለሚታዩ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ዝርዝሩን ለአንድ ትራንዚተር አሳይተው ቀረጡን ያስሰሉ። ለጃኬቶቹ የእያንዳንዳችሁን ክብደት በኪሎ ግራምና የደረታችሁን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክተው ይላኩላቸው፤ የልጆቹን ግን ከመላክዎ በፊት እንደገና ይመዝኗቸው።